እንደገና ይታይልኝ

ቶሮንቶ፣ መስከረም 28 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለፅጌረዳ፣

ከሰላምታው በፊት ይቅርታዬ ይድረስሽ። ባለፈው በስልክ የጮኽኩት በአንቺ ላይ አልነበረም፤ የሰማሽው ግን አንቺ ነሽ። ስልኩን መዝጋትሽ ትክክል ነው፤ እህትሽም ብትሆን ትዘጋብኝ ነበር። ከእንግዲህ በደብዳቤ እንነጋገር። ስጽፍ ቁጣዬን መልሼ አንብቤ ማረም እችላለሁ። ደግሞም የዚህ የቶርንክሊፍ ሕንፃ ግድግዳ ስስ ነው። ከላያችንም ከታቻችንም ያሉት የአገራችን ሰዎች ስለሆኑ ስለ ልጄ ስለ ኖላዊ ጮክ ብዬ ማውራት አልችልም።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። ሥራም እገባለሁ፤ የመድኃኒት ጠርሙስ በትክክል መታሸጉን ለማየት ሐዘን አያግድም። የእህትሽን የጸዮንን ልብስ አልነካሁም፤ እንድነካም አትጠይቂኝ።

ባንኩ ክሬዲት ካርድ ከልክሎኛል። «በቂ የብድር ታሪክ የለዎትም» ይላል ወረቀቱ። ወደዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ ስሜ የተጻፈበት ካርድ ከኪሴ ተለይቶ አያውቅም፤ ለካ ካርዱ የእሷ ኖሯል። ሒሳቡን የከፈተችው ጸዮን ናት፤ እኔ በእሷ ላይ የተደረብኩ ነበርኩ። የሞት ማስረጃዋን ይዤ ባንክ የሄድኩት ራሴ ነኝ፤ ማንም አልጠራኝም። ማሳወቅ ተገቢ ነው ብዬ ነው። ሠራተኛዋ ልጅ አዝና አጽናናችኝና ካርዴን ተቀብላ እዚያው ፊቴ በመቀስ ቆረጠችው።

«ለምን ከሰው መኪና አይዋሱም?» ብለሻል። መኪና የሚዋስ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ይጠየቃል። ኖላዊ ያለበት ሆስፒታል ከከተማው ርቆ ወደ ሰሜን ነው፤ ጠያቂ የሚገባው ቅዳሜና እሑድ ብቻ። እሑድ አውቶቡስ የለም። የቅዳሜው የሚደርሰው የጥየቃ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ እዚያ እንዳላድር ሞቴሉ ክሬዲት ካርድ ይጠይቃል። መኪና አከራዮቹም ያለ ካርድ ቁልፍ አይሰጡም፤ ጥሬ ገንዘብ ብደረድርላቸው እንደ ሌባ አዩኝ። ታክሲ አትበይኝ። በዚህ ከተማ እጄን ዘርግቼ የማስቆመው ታክሲ ነጂ «ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?» የማይለኝ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ጸዮን እያለች በየእሑዱ በእሷ ካርድ ተከራይተን አብረን እንሄድ ነበር።

ሰው ሁሉ ኖላዊ ኤድመንተን፣ አንቺ ቤት ሆኖ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ይመስለዋል። ያልነው እኔና እናቱ ነን። ሆስፒታል የገባ ጊዜ «ሰው ከጠየቀህ ኤድመንተን ነኝ በል» ብላ የነገረችው እሷ ናት፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ ራሴን ነቅንቄያለሁ። በቀብሯ ቀን «ልጅህስ?» ላለኝ ሁሉ «ፈተና ላይ ነው» አልኩ። ልጄን በፈተና ምክንያት እናቱን ያልቀበረ ሰው አደረግሁት።

መሞቷን እስካሁን አያውቅም። ሐኪሙ «እኛ እንንገረው» ቢለኝ ከለከልኩ። መርዶ በሥራ ሰዓት፣ በእንግሊዝኛ፣ ወረቀት በያዘ ሰው አይነገርም። በስልክም አይነገርም። አባቱ ሄጄ፣ አጠገቡ ተቀምጬ፣ እጁን ይዤ ነው የምነግረው። እሑድ እሑድ ይደውልልኛል። «ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቷል» እለዋለሁ። «እሺ አባዬ፣ እማዬን ሰላም በልልኝ» ይለኛል። አንድ ጉንፋን ለስንት እሑድ ይበቃል?

የባንክ ሰው ነሽና ንገሪኝ። ምን ዓይነት ደብዳቤ ብጽፍ እንደገና ያዩልኛል?

ሙሉነህ


ኤድመንተን፣ ጥቅምት 6 ቀን 2002 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ቢሮ ውስጥ እንዳላለቅስ ፓርኪንግ ወርጄ መኪና ውስጥ አነበብኩት። እኔም ስልኩን ስለዘጋሁብዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጸዮን ዘግታብዎት አታውቅም፤ ሪሲቨሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ራሷ ናት የነገረችኝ።

መጀመሪያ ቀላሉን መንገድ ልንገርዎት። ሴኪዩርድ ካርድ የሚባል አለ። አምስት መቶ ዶላር ያስይዛሉ፣ እስከዚያው መጠን የመበደር ሊሚት ይሰጥዎታል፣ ካርዱ በሁለት ሳምንት እጅዎ ይገባል። መኪናም ሞቴልም ይቀበሉታል። እኔ ለአዲስ መጥ በየቀኑ የምሞላው ይህንኑ ነው። ምንም ውርደት የለውም።

የለም፣ ውሳኔያቸው እንደገና ይታይ ካሉ ደግሞ ይጻፉ። የሥራ ዘመንዎን፣ ደመወዝዎን፣ ኪራይ አሳልፈው እንደማያውቁ፣ የጸዮንን ካርድ የሚከፍሉት እርስዎ እንደነበሩ ይግለጹ። አማርኛውን ይላኩልኝና እኔ ወደ እንግሊዝኛ ልመልሰው። የእርስዎ እንግሊዝኛ ከእኔ እንደሚበልጥ አውቃለሁ፤ ግን ጋሼ፣ እርስዎ በእንግሊዝኛ ሲቆጡ የሞት ፍርድ የሚያነቡ ይመስላሉ።

ሌላም ነገር አለ። የጎረቤትዎ የዘርይሁን ሚስት፣ ምሥራቅ፣ ትናንት ደወለችልኝ። «እናቱ ሞታበት እግዜር ያጽናህ እንኳ ሳንለው፤ እስቲ የኖላዊን ድምፅ አሰሚን» አለች። ላይብረሪ ነው አልኳት። «ይሄ ልጅ ላይብረሪ ነው እንዴ የሚያድረው?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቋረጠ። ይህን አልወደድኩትም።

ፅጌረዳ


ቶሮንቶ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

ፅጌረዳ፣

አምስት መቶ ዶላሩን አላስይዝም። ገንዘቡ ጠፍቶ አይደለም። ባንኩ የእኔኑ ገንዘብ ይዞ የእኔኑ ገንዘብ ሊያበድረኝ፣ እኔም አመስግኜ ልቀበል? ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ ሳስተምር እንዲህ ዓይነት ሒሳብ ያመጣልኝን ተማሪ ከክፍል አስወጣው ነበር።

ስለ ምሥራቅ አትጨነቂ። በለቅሶው ሰሞን ቤቴን ያቆመችው እሷ ናት፤ ያበሰለችውም፣ እንግዳ የተቀበለችውም፣ ስልክ ያነሳችውም። የደወለችልሽ ለደግነት ነው። ባሏም ደግ ነው፤ ቀልዱ ግን ይበዛል። ትናንት ሊፍት ውስጥ አግኝቶኝ ፖስታ በእጄ ቢያይ «ሙሌ፣ ደግሞ ማንን ልትከስ ነው?» አለኝ።

ረቂቁ ይኸውልሽ።

«ይድረስ ለክሬዲት ካርድ ማመልከቻ ክፍል፤

ጉዳዩ፦ ውድቅ የተደረገ ማመልከቻ እንደገና እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ።

በጻፋችሁልኝ ደብዳቤ የብድር ታሪክ የለዎትም ብላችኋል። ተበድሬ ስለማላውቅ ነው። ይህ በእናንተ ዘንድ ጉድለት መሆኑን የተረዳሁት ከደብዳቤያችሁ ነው። በአንድ ፋብሪካ ዘጠኝ ዓመት በጥራት ተቆጣጣሪነት ሠርቻለሁ። የቤት ኪራይ ቀን አሳልፌ አላውቅም። በባለቤቴ ስም የነበረውን ካርድ በየወሩ ስከፍል የኖርኩት እኔ ነኝ፤ መዝገባችሁን ብታገላብጡ ክፍያው ከእኔ ደመወዝ መውጣቱን ታያላችሁ። የተመዘገበው ግን ለእሷ ነው። እሷ በነሐሴ ወር ዐርፋለች። ታሪኩ አብሯት ተቀብሯል የምትሉ ከሆነ እኔ ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ የተቀበረው ታሪክ አልነበረም።

ካርዱን የምፈልገው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሑድ ቀን መኪና ለመከራየት። ከምትሰጡት ሁሉ አነስተኛውን ስጡኝ። በወሩ መጨረሻ ምንም ቀሪ ዕዳ አታገኙብኝም። ይህም ጉድለት ከሆነ ንገሩኝ።»

የቀብሩን ዓረፍተ ነገር ካልወደድሽው አውጪው። የመጨረሻውን ግን ተይው።

በዚህም እሑድ ጉንፋኑ እንዳልለቀቃት ነገርኩት። «ሻይ በዝንጅብል ትጠጣ» አለኝ።

ሙሉነህ


ኤድመንተን፣ ጥቅምት 24 ቀን 2002 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እንግሊዝኛው ይኸው፤ ፈርመው ይላኩት። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አወጣሁት፤ ይቆጡኛል። የቀብሩንም አወጣሁት፤ እሱን ግን በእጄ ገልብጬ ቦርሳዬ ውስጥ አኑሬዋለሁ። የሚያነበው ሰው በቀን ሁለት መቶ ደብዳቤ ያያል ጋሼ፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። አንብቤ ያለፍኳቸውን ሰዎች ሰሞኑን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

በፖስታው ጀርባ የጠየቁኝን ልመልስ። ሆስፒታሉ ደውለሽ ኖላዊን አናግሪው ላሉኝ፣ አልችልም። ድምፄ የእህቴ ነው፤ ሁሉም ይላል። ስሰማው አለቅሳለሁ፣ ሲሰማኝ ያውቃል።

አንድ ነገር ደብቄዎታለሁ። ባለፈው ዓመት ጸዮን «ጋሼሽን የራሱን ካርድ እንዲያወጣ አግባቢልኝ፤ እኔ አንድ ነገር ብሆን ምን ይሆናል?» ብላኝ ነበር። ያኔ መታመሟን ለእኔም አልነገረችኝም። እሺ አልኳት፤ ግን እርስዎን ፈርቼ ሳልነግርዎት ቀረሁ። ነግሬዎት ቢሆን ይሄኔ ኖላዊ ዘንድ ነበሩ።

እባክዎ ያንን ሴኪዩርድ ካርድም ጎን ለጎን ይሙሉት። ለእኔ ሲሉ።

ፅጌረዳ


ቶሮንቶ፣ ኅዳር 7 ቀን 2002 ዓ.ም.

ፅጌረዳ፣

እኔን መፍራትሽ የእኔ ጥፋት ነው እንጂ የአንቺ አይደለም። ስለዚህ ጉዳይ ሁለተኛ አትጻፊልኝ።

ባንኩ መልሷል። «ጥያቄዎን በጥንቃቄ እንደገና መርምረን ውሳኔያችንን አጽንተናል።» ከሥር ፊርማ አለ፤ ስም የለውም። መስመር የሚመስል ፊርማ ነው። የሰው ስም ቢኖርበት የምጠላውን ሰው አውቅ ነበር።

ከዚህ የባሰም መጥቷል። ባለፈው ሐሙስ ከሆስፒታሉ ደወሉ። ኖላዊ ጠጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል። ፍራሹን ከአልጋ አውርዶ ወለል ላይ ይተኛል። መልሰው አልጋው ላይ ቢያደርጉት ማታ መልሶ ያወርደዋል። ከሰው አይቀላቀልም። እንዲህ ከሆነ ሰንብቷል አሉ፤ ቢጠይቁት «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ አይናገርም። ሐኪሙ ሕመሙ ተነሥቶበታል ብሎ መድኃኒቱን ጨምሮለታል። በመስከረም ያገግም የነበረ ልጅ! እናቱ ስለቀረችበት ነው ብዬ አምናለሁ። እኔም ስለቀረሁበት ነው።

እሑድ ሲደውል ምላሱ ከብዶት ነበር። «ጠጉርህን ምን ሆንክ?» አልኩት። «ምንም አባዬ። አንተ በልተሃል?» አለኝ። «በልቻለሁ።» «እሺ። እማዬን ሰላም በልልኝ።»

አምስት መቶ ዶላሩን አስይዣለሁ። በጥቅምት ሰምቼሽ ቢሆን ካርዱ ዛሬ በኪሴ ነበር። ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ሙሉነህ


ኤድመንተን፣ ኅዳር 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ስለ ጠጉሩና ስለ ፍራሹ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ኖላዊ ገና ልጅ ሆኖ፣ አዲስ አበባ ሳላችሁ፣ አባትዎ የሞቱ ጊዜ፣ እርስዎ የት ነበር የተኙት? ጠጉርዎስ?

የማስበውን አልጽፍም። ሄደው ይዩት።

ካርዱን አይጠብቁ። የዘርይሁንን በር ያንኳኩ፤ መኪና አለው፣ መንገድ ያውቃል። ከእንግዲህ ምሥራቅ ብትደውልልኝ ላይብረሪ ነው አልልም። አልችልም ጋሼ። ከፈለጉ ይቆጡኝ።

ፅጌረዳ


ቶሮንቶ፣ ኅዳር 28 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፅጌረዳ፣

አልተቆጣሁም። ሳልጽፍልሽ የቆየሁትም ስለዚያ አይደለም።

ደብዳቤሽ የዛሬ ዐሥር ቀን፣ ዓርብ ደረሰኝ። ሊፍቱ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤ ፎቄን አልፌ እስከ ላይ ወጣሁ። ከዚያ በደረጃ ወርጄ የዘርይሁንን በር አንኳኳሁ። በካልሲ ሆኖ፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ይዞ ከፈተልኝ። ሰላምታ ማስቀደም አልቻልኩም።

«ልጄ ኤድመንተን አይደለም» አልኩት።

«ግባ።»

«አልገባም። ሆስፒታል ነው ያለው። የአእምሮ ሆስፒታል። እናቱ መሞቷን አልነገርኩትም።»

«ግባ አልኩህ እኮ ሙሌ፤ ኮሪደር ላይ ቆመህ ልታወራው ነው እንዴ? እሑድ በስንት ሰዓት እንነሣ?»

ምሥራቅ ከኩሽና ብቅ ብላ «እሱ ነበራ!» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ምን ማለቷ እንደሆነ ብጠይቃት ወንበር ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች።

እሑድ፣ መንገድ ላይ ዘርይሁን የተናገረው ትንሽ ነው። ለእሱ ይህ ብርቅ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ «ያን ሁሉ እሑድ እኔ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ኳስ ሳይ፣ አንተ ከባንክ ጋር ትጻጻፍ ነበር?» አለኝ። «አንድ የሊፍት ቁልፍ ብትጫን እኔ ጋ ነበርክ» አለ፤ ከዚያ ሬዲዮ ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

ኖላዊ ምን አለህ ብለሽ በስልክ መልእክት ትተሽልኛል። እጽፈዋለሁ፤ በስልክ አትጠይቂኝ።

የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ከየት እንደምጀምር፣ የት ላይ እጁን እንደምይዝ። ከኮሪደሩ ማዶ ሲመጣ አየሁት። የልጅ ራስ ሲላጭ ምን ያህል እንደሚያንስ ረስቼ ነበር። ከስቷል። በዚያ ሙቀት ጥቁር ሹራብ ለብሷል። አጠገቤ ተቀመጠና እጄን የያዘው እሱ ነው።

«አባዬ፣ አውቃለሁ» አለኝ።

በለቅሶው ሰሞን፣ እኛ ከቀብር በተመለስን ማግስት፣ እናቱን ብሎ ቤት ደውሎ ነበር። አንዲት ሴት አነሳች። ከኋላዋ ሰው ያለቅሳል። «የጸዮን ቤት ነው፤ ለቅሶ ላይ ነን። ማን ልበል?» አለችው። «ማን ልበላት አባዬ? እኔ ኤድመንተን ነኝ እኮ። ሶሪ፣ ሮንግ ነምበር ብዬ ዘጋሁ።» ያነሳችው ምሥራቅ ናት።

ይህን ሲነግረኝ ወቀሳ በድምፁ ውስጥ አልነበረም። ቢኖርበት እንዴት ደስ ባለኝ።

ምላጭ ስለማይሰጧቸው ቶሎ አልተላጨም፤ ጢም በሚላጩበት ቀን ነርሷ ዞር እስክትል ጠብቆ ራሱን ላጨ። ወለል ላይ መተኛቱን ከእኔ ነው የተማረው። አባቴ የሞቱ ጊዜ አልጋዬን ትቼ መሬት ስተኛ፣ ጠጉሬን ስላጭ፣ በር ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። እኔ ራሴ ለጸዮን አልተላጨሁም፤ ፋብሪካው ውስጥ «ምን ሆንክ?» እንዳይሉኝ ብዬ። እሱ ብቻውን፣ አጽናኝ በሌለበት፣ ያየውን ሁሉ በትክክል አደረገ፤ መድኃኒት ጨመሩለት።

«ለምን አልነገርከኝም? እሑድ እሑድ እማዬን ሰላም በልልኝ ትለኝ አልነበር?» አልኩት።

«መጥተህ ልትነግረኝ እንደፈለግህ ገብቶኛል። አልመጣህም። ብነግርህ ስልኩን ይዘህ ታለቅሳለህ፤ ጎረቤት ይሰማል።»

የዚያን ቀን ሐኪሙ የለም። ነርሷን መዝገቡን እንድታወጣ አደረግኋት። «ይህ ሕመም አይደለም፤ እናቱን እያለቀሰ ነው። በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚለቀሰው» አልኳት። ጻፈች። አንብቢልኝ አልኳት፤ አነበበች። አንድ ቃል አሳረምኳት። ሰኞ ለሐኪሙ በራሴ እንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የጨመሩለት መድኃኒት እንደገና እንዲታይልኝ። ርዕሱን ለባንኩ ካረቀቅነው ቀዳሁት። ቁጣዬን ግን አልሰረዝኩለትም። ሐሙስ ደውሎ «መታየት አለበት፤ አያለሁ» አለኝ። እስካሁን ይህ ብቻ ነው። ይቀንሱለት አይቀንሱለት አላውቅም።

ካርዱስ መጣ ወይ ብለሽኛል። መጣ። ስሜ ብቻውን ተጽፎበታል። ትናንት መኪና ልከራይ ስነሣ ዘርይሁን ቀድሞኝ መኪናውን አሙቆ ጠበቀኝ። «ካርድህን ማሳየት ካማረህ ነዳጅ ቅዳልኝ» አለ። ቀዳሁለት። ምሥራቅም አብራን ሄደች። ኖላዊ ፊት ቆማ «ማን ልበል ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አለችው። እሱ ደግሞ አጽናናት። እሷ ስታለቅስለት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ ያለቀሰው። እኔም አልከለከልኩትም፤ በሩንም አልዘጋሁም።

ቅዳሜ ተላጭቻለሁ። ፋብሪካ ዛሬ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት በር ላይ ስንለያይ እንደ ልማዱ «ሰላም በልልኝ» ሊል ጀመረና ማንን እንደሚል ጠፋው። ቆሞ አየኝ። ዘርይሁን መኪናውን አስነሥቷል። «ኤድመንተን ያለችውን አክስትህን ልበልልህ?» አልኩት።

«እሺ» አለ።

ኖላዊ ሰላም ብሎሻል።

ሙሉነህ